አዋሽና ተዋሽ

ልጄ «እናቴ ዶሮ ውስጥ ናት» ብላ ጻፈች።

በአማርኛ አይደለም፤ በአማርኛማ ዶሮና ጓዳ አይምታቱባትም። «ስለ ቤተሰባችሁ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ» ተብለው ነው። አባት ቢሮ፣ ወንድም ትምህርት ቤት፣ እናት ቺክን ውስጥ። የእንግሊዝኛ መምህሯ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ከበበና ጎኑ ላይ አንድ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አቆመበት። እኔ ሳነበው ሳቅ አፈነኝ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም።

«ዶሮ ውስጥ መግባቴ አይደለም የገረመኝ» አለች ደብተሩን አገላብጣ እያየች። «ስለ እናትሽ ጻፊ ስትባል ከጓዳ ሌላ የምታስቀምጠኝ ቦታ ማጣቷ ነው። አስተካክላ ኪችን ብላ ብትጽፈው ኖሮ አንተም ዝም ብለህ ታልፈው ነበር።»

ባለቤቴ የምትሠራው ባንክ ነው። ከእኔ ቀድማ ወጥታ ከእኔ በኋላ ነው የምትገባው። ሳቄን ዋጥኩ።

ቅዳሜ ለታ ለገሀር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው ወደሚሸጡት ልጆች ወረድኩ። «ሰው የሚያምታታቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ያሉበት ነገር አለህ?» ብዬ አንዱን ጠየቅኩት። ክምሩን ሳያይ እጁን ሰደደና አንድ መጽሐፍ ስቦ አወጣ። ሽፋን የለውም። የፊቱ ገጾችም የሉም፤ ማን እንደጻፈው የት እንደታተመ የሚናገር ነገር አልተረፈለትም። «ፋዘር፣ ይሄ ፈልገህ የማታገኘው ነው» አለኝ። መቶ ሃምሳ አለ፣ ሰማንያ አልኩ፣ ትቼው ሄድኩ፣ ተጠርቼ ተመለስኩ፣ በመቶ ብር ተስማማን።

ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ገለጥነው። ቀጥታ ወደ «ኪችን» ሄደች፤ የለም። «ቺክን» ላይም የለም። ያገኘነው «አፌክት»ና «ኢፌክት»ን፣ «ፕሪንሲፓል»ና «ፕሪንሲፕል»ን፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ዓይነት «ዜር»ን ነው። አንዱ «እዚያ»፣ አንዱ «የእነሱ»፣ አንዱ «እነሱ ናቸው»። ጸሐፊው ለሦስቱ ሁለት ገጽ ሰጥቷቸዋል። ልጄ አየችኝ። «አባዬ፣ እነዚህን ማን ያምታታቸዋል?» አለች።

እውነቷን ነው። እኛ እንግሊዝኛን የጀመርነው ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በዓይናችን ነው። ሦስቱ «ዜር»ዎች ለእኛ ሦስት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው፤ አንዱን ባንዱ ቦታ የሚያስቀምጥ ተማሪ ብዙም አይገጥምህም። እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ሰው ግን አስቀድሞ በጆሮው ሰምቶት፣ አድጎ ሲጽፈው ነው የሚጠፋው። ያ መጽሐፍ ለእሱ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው እናቷን ዶሮ ውስጥ የምታስገባ ልጅ በምድር ላይ ትኖራለች ብሎ አላሰበም። መቶ ብር ከፍዬ የጎረቤት በሽታ መድኃኒት ይዤ ገባሁ።

የእኛ በሽታ ሌላ ነው። የእኛ ስህተት ከእንግሊዝኛ አለማወቅ ሳይሆን አማርኛን አሳምሮ ከማወቅ ይመጣል። አማርኛው ልክ ነው፣ አስተሳሰቡ ልክ ነው፤ የለበሰው ኮት ብቻ የሰው ነው።

ሁለታችንንም እኩል የሚያገባን አንድ ጥንድ ግን መጽሐፉ ውስጥ ነበረ፤ «ቦሮው»ና «ሌንድ»። በአማርኛ ይሄ ነገር የአንድ ቤት ሁለት በር ነው። ተበደረ፣ አበደረ። ተዋሰ፣ አዋሰ። ተከራየ፣ አከራየ። ሥሩ ያው ነው፤ ደጃፉ ላይ «ተ» ከቆመች ዕቃው ይገባል፣ «አ» ከቆመች ዕቃው ይወጣል። እንግሊዞቹ ለተቀባዩ አንድ ቃል፣ ለሰጪው ሌላ ቃል አበጅተዋል፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም። የእኛ ሰው ምን ያድርግ? አንዱን ቃል ይይዝና በሁለቱም በር ያስገባዋል። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ይላል። «እስክሪብቶህን ተዋሰኝ» እንደ ማለት ነው። ሰሚው ግን ይገባዋል፤ መዳፍ ቀድሞ ተዘርግቷላ።

ተማረና አስተማረም እንደዚያው ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ፋዘሬ ነው ያስተማረኝ» ለማለት «ማይ ፋዘር ለርንድ ሚ» ሲል ብዙ ተስቆበታል። የሳቁበት ግን አንድ ነገር አላወቁም፤ በእነ ሼክስፒር ዘመን ይኸው «ለርን» የሚለው ቃል ለማስተማርም ያገለግል ነበር። ባልደረባዬ የዘገየው አራት መቶ ዓመት ብቻ ነው።

ልጄ ይሄን ሁሉ ስነግራት ቆየችና «እሺ አባዬ፣ የሚዋሰው ተዋሽ ከሆነ የሚያውሰው ምን ይባላል?» አለች።

«አዋሽ።»

«ወንዙ?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ወንዙ ስሙን ከየትም ያግኘው፣ ግብሩ ግን የአዋሽ ነው። ከጊንጪ በኩል ይነሳል፤ ቆቃ ላይ ለመብራት፣ ወንጂና መተሐራ ላይ ለሸንኮራ አገዳ፣ ወረድ ብሎ ለጥጥ እያዋሰ ይሄዳል፤ መጨረሻው አፋር ምድር፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ነው። ባሕር አይደርስም። ያዋሰው ሁሉ ቢመለስለት ኖሮ ይደርስ ነበር እላለሁ እኔ።

አማርኛ እንዲያውም እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ ይጠነቀቃል። ሙቀጫ ትዋሳለህ፣ ብር ትበደራለህ። የተዋስከው ሙቀጫ ራሱ ይመለሳል፤ የተበደርከው ብር ግን ያው ኖት አይመለስም፣ እኩያው ነው የሚመለስ። ጎረቤት በርበሬ «አበድሪኝ» ትላለች እንጂ «አውሽኝ» አትልም፤ ወጥ ውስጥ የገባ በርበሬ ተመልሶ እንደማይወጣ ታውቃለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሳይቀር የሁለቱን ውል ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። እንግሊዝኛው ግን ሙቀጫውንም ብሩንም በርበሬውንም በአንድ «ቦሮው» ይጠቀልላል። ከዚያ እኛን አምታታችሁ ይሉናል።

ስለ ብድር ከተነሳ አይቀር ዕዳ የሚሉበት ቃላቸውን ተመልከቱ። «ዴት» ብለው ነው የሚያነቡት፤ ሲጽፉት ግን መሐሉ ላይ አንዲት የማትነበብ «ቢ» ተቀምጣለች። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ «ቢ» አልነበረውም። ኋላ ሊቃውንቱ የላቲን ዘሩ እንዲታወቅለት ብለው ከላቲኑ ቃል አምጥተው ሰኩባት። ዕዳ የሚለው ቃል ራሱ ባለዕዳ ነው ማለት ነው። ብዙ መቶ ዓመት ሆነው፤ አልመለሱም።

ወንድሜ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው። እንደሄደ ሰሞን ለአክስታችን ልጅ በእንግሊዝኛ ባጭሩ ጻፈ፤ «አይ ሬንት ኤ ሀውስ» ብሎ። «ሬንት» ሁለቱንም በር በአንድ ቁልፍ የሚከፍት ቃል ነው፤ ተከራየም አከራየም ይሆናል። ልጁ ለእናቴ ሲተረጉምላት የመረጠው ደስ የሚያሰኘውን ነው፤ «ቤት ያከራያል» አላት። እናቴ ማኅበር ጠርታ አበላች። በሦስተኛው ወር ደውላ «ልጄ፣ ከደሞዝህ እንኳ አልልህም፤ ከቤት ኪራይዋ ለአጥሩ የምትሆን ትንሽ ነገር ላክልኝ» አለችው። ወንድሜ ከደሞዙ ገሚሱን ለአከራዩ ከፍሎ አውቶቡስ እየጠበቀ ነበር። «እማዬ፣ ተከራዩ እኔ ነኝ እኮ» ሲላት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ነበር። ከዚያ «እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት ያከራያል ብያለሁ» አለች። እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ እንዳከራየ ነው።

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጎኔ ሁለት ፈረንጆች ተቀምጠዋል፣ ባልና ሚስት መሰሉኝ። አስተናጋጁ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትሪ በግራ እጁ፣ ፎጣ በክንዱ የያዘ ልጅ ነው። ሰውየው እጁን አነሳለት። ልጁ ወደ ጓዳ እያመራ ነበር፤ ፊቱን ዞር አድርጎ ከልቡ ፈገግ አለና «አይ ኬም! አይ ኬም!» ብሎ ሄደ። ጀርባው ከበሩ ኋላ ተሰወረ። ሰውየው በሩን አየ፣ ሚስቱን አየ። መጣሁ አለ፤ የሚታየው ግን ሲሄድ ነው። እኔ ብቻ ነኝ በዚያ በረንዳ ላይ ነገሩ የገባኝ። «መጣሁ!» ነው ያለው ልጁ፤ ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ አማርኛ የለም።

እኛ እኮ ቃል ስንገባ በኃላፊ ጊዜ ነው የምንገባው። «መጣሁ» የሚል ሰው እየሄደ ነው። «ሄድኩ» የሚል ገና ተቀምጦ ጫማውን እየፈለገ ነው። በስልክ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» የሚልህ ሰው ካልሲውን እንኳ አላጠለቀም። ይሄን ውሸት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ውሸት አልለውም። ነገሩ በልባችን ተፈጽሟል፤ የቀረው የእግር ሥራ ነው። እንግሊዝኛ ግን የልብን ጊዜ አይቆጥርም። ልጁ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በእርግጥም መጣ።

ሴትየዋ ስትነሳ የበረንዳው ደረጃ አደናቅፏት ልትወድቅ ነበር። ያው ልጅ ከወዲያ ጫፍ ሆኖ ደነገጠላትና «ሚ! ሚ!» ብሎ ጮኸ። «እኔን!» ማለቱ ነው፤ ለአንቺ የመጣው ለእኔ ይሁን። ከዚህ የበለጠ ምን ደግ ቃል አለ? እሷ ግን ቀና ብላ «ዩ?» አለችው፤ ደረጃውን እሱ የሠራው መስሏት ነው መሰል።

ከእኛ አጥር ማዶ አንድ ጡረታ የወጡ የመቶ አለቃ አሉ። ወታደራዊ ትምህርታቸውን የተማሩት ሶቪየት ኅብረት ስለሆነ ሩሲያኛውን ያንበለብሉታል። እንግሊዝኛን የጀመሩት ከጡረታ በኋላ ነው፤ ልጆቻቸው ውጭ ስለሚኖሩ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ለመግባባት። ከእኔም ከባለቤቴም ከልጄም ጋር ይለማመዳሉ። ባለፈው ዓመት ሆዳቸውን አሟቸው አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ላስተረጉም ስል በእጃቸው አቆሙኝ። «ዶክተር» አሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፤ «አይ ሂር ፔይን ኢን ማይ ስተመክ።» ሕመም ይሰማኛል ማለታቸው ነው። እኛ ሬዲዮም ይሰማናል፣ ብርድም ይሰማናል፣ ኀፍረትም ይሰማናል፤ ጆሯችን ሰውነታችንን ሁሉ ያዳርሳል። ሐኪሙ ጥቂት አሰበና ማዳመጫውን ከአንገቱ አውርዶ ሆዳቸው ላይ ለጠፈው። እሱም ሊሰማ። የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላቸውና ዳኑ፤ እስከ ዛሬ «ሐኪም ማለት እሱ ነው፣ ያልኩትን ወዲያው ነው የተረዳኝ» ይላሉ።

በሰው ብቻ እንዳልስቅ የራሴንም ላምጣ። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የቃል ፈተና ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረዋል። ለምን ይሄን ሥራ ፈለግከው ሲሉኝ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናኋትን ዓረፍተ ነገር ለቀቅኳት፤ «ቢኮዝ አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ።» ፍላጎት አለኝ ማለቴ ነው። ያልኩት ግን «እኔ እጅግ ማራኪ ሰው ነኝ» ነው። መሐል ያለችው ሴትዮ ከመነጽሯ በላይ አየችኝና ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ቀጠልኩ፤ የድሮ ሥራህን ለምን ለቀቅክ ተባልኩ። «ቢኮዝ አይ ዋዝ ቦሪንግ» አልኩ። ሰለቸኝ ለማለት «አሰልቺ ሰው ነበርኩ» ብዬ አረፍኩት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ አሰልቺም ማራኪም የሆነ ሰው ከየት ይገኛል? አልጠሩኝም።

የዚህ ሥሩም አማርኛ ውስጥ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ሰለቸኝ፣ ደበረኝ፣ ናፈቀኝ፤ እነዚህን ሁሉ እኛ አናደርጋቸውም፣ እነሱ ናቸው እኛ ላይ የሚያደርጉን። ረሃብ መጥቶ ይርበናል፣ መሰልቸት መጥቶ ይሰለቸናል፤ እኛ ቁጭ ብለን እንቀበላለን። እንግሊዝኛ ግን ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ በቃል ጭራ ለይተህ እንድትናገር ያስገድድሃል። «ኢድ» ከሆነ የተሰላቸህ አንተ ነህ፣ «ኢንግ» ከሆነ ያሰለቸህ አንተ ነህ። ሦስት ፈታኝ ፊት ተቀምጠህ ጭራ መምረጥ ቀላል አይደለም።

በከተማችን ታፔላዎች ላይ ሁሌም የሚሳቅበት አንድ ቃል አለ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቆች «ስቴሽነሪ» ብለው ይጽፋሉ። ከመጨረሻው «አር» በፊት የምትመጣው ፊደል «ኢ» ከሆነች ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ «ኤ» ከሆነች «የማይንቀሳቀስ» ማለት ነው። ግማሹ ታፔላ የተጻፈው በ«ኤ» ነው። «እገሌ የማይንቀሳቀስ» እያልን ስቀናል፣ ፎቶ አንስተን ተላልከናል። ባለታፔላዎቹን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ የላቲን እናት የተወለዱ ናቸው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጽሐፍና ብራና የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ እየዞረ የሚቸረችር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ቋሚ ቦታ ይዞ የሚሸጠው ግን «ባለ ቋሚው» ተባለ፤ የሚሸጠውም ዕቃ በስሙ ተጠራ። የጽሕፈት መሣሪያ ማለት ከጥንቱም የማይንቀሳቀስ ሰው ዕቃ ማለት ነው። የእኛ ታፔላ ጸሐፊ ሳያውቀው ሥሩን ነው የመታው። እስከማውቀው ድረስ ሱቆቹም ተንቀሳቅሰው አያውቁም።

ከምግብ በኋላ የሚቀርበውን ጣፋጭ በአንድ «ኤስ» ጽፈው በረሃ የሚያቀርቡልን ምግብ ቤቶችም አሉ። እነሱን አልከራከርላቸውም፤ ጣፋጩንም ቀምሼዋለሁ።

ከፊደል የሚመጣም ጣጣ አለ። «ፐ» ሀሁ ሲቆጠር መጨረሻ የምትደርስ ናት፤ «ቨ» ደግሞ በ ባርኔጣ ደፍታ የመጣች የቅርብ ጊዜ እንግዳ። ስለዚህ ብዙ አፍ ሁለቱንም በ«በ» ይሸኛቸዋል። አያቴ «ቢዛ» እና «ቴሌቢዥን» ብላ ኖራ ሞተች፤ ማንም ሳይገባው አልቀረም። ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር ግን አናባቢዎችን ሲያስተምሩ ጠመኔያቸውን ሰሌዳው ላይ መታ መታ አድርገው «ዜር አር ፋይቭ ባውልስ!» ይሉ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እየተከተልን ጮኽን፤ «ፋይቭ ባውልስ!» አናባቢ በ«ቪ» ነው የሚጀምር፤ በ«ቢ» ከሆነ አንጀት ነው። እንግሊዝኛ አምስት አንጀት አለው ብለን ነው የተማርነው። አንዱም አንጀቱ ለእኛ አልራራም።

እኚሁ መምህር ክፍል ውስጥ አማርኛ የተናገረ ይንበረከካል የሚል ሕግ ነበራቸው። አንድ ቀን መስኮት ተሰብሮ አገኙና «ሁ ብሮክ ዚስ ዊንዶው?» ብለው በረድፍ መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ጋ ሲደርሱ ድንጋጤ ያዘኝና አንገቴን እየነቀነቅኩ «አይ! አይ!» አልኩ። ያልኩት በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «እኔ! እኔ!» ሆነ። ተንበረከክሁ። እስከ አሁን ድረስ የተንበረከክሁት መስኮት ሰብሬ ይሁን አማርኛ ተናግሬ አልገባኝም።

ይሄን ስል የእኛ ቋንቋ ለባዕድ ወለል ያለ ሜዳ ነው ማለቴ አይደለም። አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት የፊደል ነገር በኩርኩም የገባለት ሰው ነበር። በእሳቱ «ሠ» ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፣ በንጉሡ... ብዬ ልቀጥል ስል ራሴም አምታታሁት፤ ንጉሡ ነው «ሠ»፣ እሳቱ ነው «ሰ»። በንጉሡ «ሠረቀ» ከጻፍክ ፀሐይ ወጣ፤ በእሳቱ «ሰረቀ» ከጻፍክ ሌባ ገባ። «ድኅነት» መዳን ነው፣ «ድህነት» ማጣት። አባቴ የተሳሳተ «ኀ» ያለበት ደብዳቤ ሲደርሰው ከይዘቱ በፊት ፊደሉን ያርም ነበር። ዛሬ ስልካችን ላይ የቀረበንን «ሀ» እየጫንን መዳንና ማጣትን ቀላቅለናቸዋል፤ ይሄ ደግሞ ልክ እንደ ሦስቱ «ዜር» ነው፤ በጆሮ አንድ፣ በዓይን ሦስት። ለካ እኛም የራሳችን ሽፋኑ የወደቀ መጽሐፍ ያስፈልገናል።

አባቴን ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ያስተማረው እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን ከመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶች አንዱ ነበር። አማርኛ ለመልመድ ይታገላል፤ ማጥበቅና ማላላት ግን አልሆነለትም። «ና» ስትጠብቅ ዋና አለቃ ነው፣ ስትላላ ውኃ ውስጥ መግባት። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩን ፈልጎ ወደ ዘበኛው ሄደና አላልቶ «ዋና አስተማሪው የት ናቸው?» አለው። ዘበኛው አዘነለት። «የኔ ጌታ፣ የዋና አስተማሪ የለንም» አለው፤ «ወንዙም በበጋ ይደርቃል።»

መጽሐፉ አሁን እኛ ቤት የለም። መቶ አለቃ መስከረም ላይ መጥተው ጠረጴዛ ላይ አዩት፤ ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እስቲ ይቺን ለሦስት ቀን» አሉ። እምቢ አይባልም፣ ትልቅ ሰው ናቸው። መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ። በየማለዳው በአጥር ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ስለ መጽሐፉ ማን ያንሳ? «መጽሐፌን ይመልሱልኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ከአፍ አይወጣም፤ ይሉኝታ ጉሮሮ ላይ ይይዘዋል።

መላ የመታችው ልጄ ናት። «በእንግሊዝኛ እንጻፍላቸው አባዬ፤ ለልምምድ ነው ይመስላቸዋል።» ልክ ናት፤ በእንግሊዝኛ ይሉኝታ የለም፤ ቃሉም የላቸውም። ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእናቷ ስልክ ጻፈች፤ «ፕሊዝ ሪተርን ዘ ቡክ ዩ ቦሮውድ ፍሮም አስ።» ቃል በቃል አይቼዋለሁ፣ ስህተት የለበትም።

መልሱ አልዘገየም። «የስ! አይ ሌንት ኢት ፍሮም ዩ። ቢኮዝ ኢት ኢዝ ቬሪ ኢንተረስትድ፣ ቦሮው ኢት ቱ ሚ አንቲል ኢስተር።»

ልጄ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። በእሳቸው እንግሊዝኛ አዋሹ ማን፣ ተዋሹ ማን እንደሆነ እንጃ፤ እስከ ፋሲካ ግን መጽሐፉ እንደማይመጣ ቁልጭ ብሎ ገብቶኛል። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና አነበበችና «ምናለ፣ መጽሐፉን በደንብ ቢያነቡት» አለች።

ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ። ሁለት ቃል ናት። «አይ ኬም።»

መጽሐፉን ሊያመጡ ነው፣ ወይም ሊከራከሩ። እኔ ተነስቼ ቡና ቆላሁ፤ ባለቤቴ ጓዳ መግባት ካቆመች ሰንብታለች። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ተጠጣ። ልጄ በመስኮት አጥሩን እያየች ነው፤ በረካው እየፈላ ነው።